የአክብሮት መዘግየት በሦስት መርከቦች መካከል

በአንዲት የጃፓን ወደብ ከተማ የሚገኘው የመርከበኞች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ክቡር ኡሳሚ ሳዳሂሮ፣ ሥርዓት አዋቂ ሰው ነበሩ። ከእንግዶቻቸው ጋር ሊፍት በር ላይ ቆመው ማን ይቅደም ሲባባሉ ሊፍቱ ጥሏቸው ይሄድ ነበር። ያን ጊዜም ቅር ሳይላቸው በማዕረግ ተራ ተሰልፈው በደረጃ ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው ባሕር ላይ ቢሰማራ ለማዕበሉም ሹመት በሰጠ ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ ዳይሬክተሩን ባሕር ያጥወለውላቸዋል።

በእሳቸው ሥር የምትሠራው መምህርት ሃታኖ ሪዬ ግን የኖረችው በጭነት መርከብ ላይ መኮንን ሆና ነውና ይህ ጨዋነት ጎድሏታል። ሰልጣኞቿን የምታስተምረው በሲሙሌተር ነበር። ሲሙሌተሩ መሪና መስኮት ያለው ጨለም ያለ ክፍል ሲሆን፣ በመስኮቱ የሚታየው ባሕር የኮምፒውተር ሥዕል ነው። የሚያሳስባት ነገር ቢኖር፣ በዚያ ባሕር ላይ የሚመጡት ሌሎች መርከቦች ሁሉ ማሽን የሚነዳቸው፣ ገና ከሩቅ መንገድ የሚለቁ ጨዋዎች መሆናቸው ነው። በእውነተኛው ባሕር በወዲያኛው መርከብ ላይ ያለው ሰው ነው። እንቅልፉ የመጣበት ይሆናል፣ እልኸኛ ይሆናል፣ ሻዩን እየጠጣ ይሆናል። ሰልጣኞቿ ደግሞ በፀደይ እውነተኛ መርከብ ላይ ሊወጡ ነው።

ስለዚህ ከሰሜኑና ከደቡቡ ትምህርት ቤት መምህራን ጋር ተማክራ ሦስቱን ሲሙሌተሮች በኢንተርኔት አገናኘቻቸው። ሦስት መርከቦች ከሦስት ከተሞች ወጥተው በአንድ ባሕር ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ ለዳይሬክተሩ ልታስረዳ ገባች።

«እያንዳንዱ መርከብ ‹እዚህ ነኝ፣ ወዲያ እየሄድኩ ነው› ብሎ አንዴ ይናገራል፤» አለች። «ለእያንዳንዱ ለየብቻ መላክ የለም። ወደ መስመሩ የገባ ሁሉ እኩል ይሰማል።»

«እኩል?»

«እኩል።»

ዳይሬክተሩ የሻይ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የሰሜኑ ትምህርት ቤት እኮ ታላቃችን ነው። የደቡቡ ትናንት የበቀለ ነው። አንቺ ልጅ፣ ሁለቱ እኩል ይስሙ ነው የምትይኝ?»

«ካልሰሙ ይጋጫሉ፣ ጌታዬ።»

«ይስሙ፤ ግን በተራ ይስሙ። መጀመሪያ ታላቅ፣ ቀጥሎ እኛ፣ ከዚያ ታናሽ። ትንሽ፣ ለሥርዓት ያህል፣ ይዘግይ።»

«ጌታዬ፣ ዘግይቶ የሚታይ መርከብ እኮ በሚታይበት ቦታ ላይ የለም።»

«ሌላ ቦታ ይኖራላ!»

«አዎ። አፍንጫዎ ላይ።»

ይህን የመሰለ ስድ መልስ ካለማወቅ ተቆጥሮ ታለፈላትና ‹የአክብሮት መዘግየት› የተባለው መመሪያ ወጣ። መመሪያው የመርከቦቹን አቀማመጥ የሚመለከት ሆኖ በሦስቱም ዳይሬክተሮች ጸደቀ። ታናሹም ጭምር ፈረመ፤ ታናሽነቱን በይፋ ያወቀለት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረምና። ሃታኖ ከንፈሯን ነክሳ የተባለውን አደረገች። እምቢ ብትል ሦስቱን የሚያገናኘው ሽቦ ከነጭራሹ እንደሚነቀል ታውቃለች።

ግንኙነቱ በተመረቀበት ዕለት ሰልጣኞቹ በግድግዳው ሥር ተደረደሩ፤ መሪውን የጨበጡት ግን በሦስቱም ከተማ ዳይሬክተሮቹ ራሳቸው ነበሩ። ታሪክ በሰልጣኝ እጅ አይሠራም። ሦስቱ መርከቦች ወደ ጠባቡ የባሕር ሰርጥ ቀረቡ።

የባሕር ሕግ ቀላል ነው። መንገዳችሁ ሲገናኝ ሌላውን መርከብ በስተቀኝህ ካየኸው አንተ ትለቃለህ። ዳይሬክተሮቹ ግን ከሕግ በላይ የሆነ ጨዋነት ነበራቸው።

«ዳይሬክተር ኩዶ፣ እባክዎ ይቅደሙ!» አሉ ኡሳሚ በድምፅ ማጉያው።

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ ይቅደሙ!» አሉ የሰሜኑ ኩዶ።

«ሁለታችሁም ሳታልፉማ አላልፍም!» አሉ የደቡቡ ሺማቡኩ።

ሁሉም መንገድ ለቀቁ። ነገር ግን የአንዱ ትሕትና ለሌላው የሚታየው ዘግይቶ ነውና፣ ኩዶ ሲያዞሩ ኡሳሚ አላዩም፤ ኡሳሚ ሲያዞሩ ሺማቡኩ አላዩም። ያዩ ጊዜም ሁሉም አፍረው እንደገና ለቀቁ። ሦስት ግዙፍ መርከቦች እንደ አውድማ በሬ ሰርጡን ይዞሩት ጀመር። በሰሜን መስኮት ሁለት መርከቦች በሰላም ተላለፉ፤ በደቡብ መስኮት እነዚያው መርከቦች አንዱ ባንዱ ሆድ ውስጥ አልፎ ወጣ። ለእንግዶቹ በሳጥን የተዘጋጀው ዓሣና ሩዝ ቀዘቀዘ።

ኡሳሚን አጥወለወላቸው። ወደ ሃታኖ ዘወር ብለው፣ «እኚህ የሰሜኑ ሽማግሌ እንኳን መርከብ የልጅ ጋሪም አይገፉ! ያኛውም የደቡቡ ዓሣ ነጋዴ ጀልባ የያዘ መስሎታል!» አሉ።

መመሪያው ስለ አቀማመጥ እንጂ ስለ ድምፅ አልተናገረም ነበር። ድምፅ ሳይዘገይ ለሁሉም እኩል ይደርሳል።



«ዳይሬክተር ኡሳሚ፣ ሰምተናል፤» አሉ ኩዶ።

«እኛም፤» አሉ ሺማቡኩ። «ምስጋና ይግባዎትና በታናሽነታችን አልዘገየብንም።»

በክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ጫማውን ሲያይ ሃታኖ አጠገቧ ወዳለው ማሽን ጠጋ ብላ የአክብሮት መዘግየትን አጠፋችው።

ከዚያ ወዲያ ይቅደሙ የሚል ጠፋ።

«በስተቀኝዎ ነኝ!» ብለው ጮሁ ኩዶ። «ሕጉ የሚለው እርስዎ ይልቀቁ ነው!»

«እለቃለሁ! የምለቀው ግን ለሕጉ ነው፣ ለእርስዎ አይደለም!»

«እኔም ከኋላዎ አልፋለሁ፤ ፊትዎን ማየት አልፈልግም!» አሉ ሺማቡኩ።

ሦስቱ መርከቦች እንደ ሐር ክር ተላለፉ። ሰልጣኞቹ ራሳቸውን መግታት አቅቷቸው አጨበጨቡ። ሃታኖ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ የደስታ እንባ ለመምህርት አይፈቀድም ነበር።

ጉዳዩን የሚመረምር ከፍተኛ የጋራ ኮሚቴ ሦስቱን ዳይሬክተሮች በአባልነት ይዞ ተቋቋመ። ኮሚቴውም በጥልቀት ተወያይቶ መርከቦቹ በሰላም የተላለፉት በአክብሮት መዘግየት እንደሆነ፣ ስድቡ የተሰማው ግን በመገናኘታቸው እንደሆነ ደረሰበት። ስለሆነም የጋራ ልምምዱ ተጠናክሮ እንዲቀጥል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለየብቻው፣ ሳይገናኝ፣ በየራሱ ባሕር ላይ እንዲያካሂደው አቅጣጫ ተቀመጠ። ዝርዝሩን ለማጥናት ኮሚቴው በየሳምንቱ ሊሰበሰብ ወሰነ።

ሃታኖ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ከሰዓት በኋላ ሰሜን ላለው ባልደረባዋ ለካፒቴን ኦይካዋ ደወለች።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ። ሽቦውን ልነቅለው ነው።»

«ቆይ እስኪ። ስብሰባቸው የሚጀምረው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ጠዋት። እስኪመሽ አይወጡም ይላሉ።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም። ስልክ ማንሳት እንኳ ክልክል ነው።» የካፒቴኑ ሳቅ መጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ ከሥራ ታስባርሪኛለሽ!»

«ሽቦውን አትንቀል፤» አለች ሃታኖ።

ከብዙ ማክሰኞዎች በኋላ፣ በፀደይ፣ ሰልጣኞቹ የሰርጡን ፈተና ያለ አንዳች ስህተት አለፉ። ዳይሬክተር ኡሳሚ በምረቃው ላይ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሳይገናኙ የመተባበር ዘዴ ፍሬ ማፍራቱን፣ ወጣቶቹም አንድም ሰው ሳይገጥማቸው ሰውን ማሳለፍ መቻላቸውን አስረዱ። ውጤቱም ኮሚቴው ሌት ተቀን የደከመበት ነው አሉ።

ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው መምህርት ሃታኖ ነበረች። ሐሳብ ያለው ካለ ሲባልም ተነሥታ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና፣ ይህ ኮሚቴ ለትምህርቱ ካበረከተው አስተዋጽኦ አንጻር ከእንግዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሰበሰብ ስትል በትሕትና ጠየቀች።

ዳይሬክተሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጥያቄዋ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።