ጥንቸሏ ከየት መጣች?

(ጠባብ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ። የረፋድ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች። ሰዓት ሠሪውን ሰፈሩ ሁሉ «ሊቁ» ይለዋል፤ ሁሉን ስለሚያውቅ ሳይሆን «አላውቅም» ብሎ ስለማያውቅ ነው። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ቀስበል ከረጢት አንጠልጥሎ አሁን ገባ።)

ሊቁ፦ ሙጫ ገዝተህ የእህትህን የመስታወት ኳስ ከቤት ይዘህ ና ማለት ይሄን ያህል ከባድ ነው? ሁለት ሰዓት ሙሉ!

ቀስበል፦ መንገድ ላይ አንድ ሱቅ ገብተን ነው፣ ጋሼ። ይቺ እኮ…

ሊቁ፦ ወሬውን ተወውና አምጣት! እህትህ በምሳ ሰዓት ትመጣለች። ሳታውቅ ጠግኜ ላስደንቃት ነው።

ቀስበል፦ በስፌት መኪናዋ እንዳስደነቅካት?

ሊቁ፦ መኪናው አሁንም ይሠራል!

ቀስበል፦ ይሠራል። ወደ ኋላ ብቻ።

(ሊቁ አልሰማ ብሎ ኳሷን ተቀበለና ነቀነቃት። በውሃ በተሞላው ሆዷ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቤት ላይ በረዶ የሚመስል ነጭ ብናኝ ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። ድምፁ ለሰለሰ።)

ሊቁ፦ ከአባቷ የቀረቻት ማስታወሻ ይቺ ብቻ ናት። እሷ ከተሰበረች እኔም አለቀልኝ። ይቺን አረፋ አየሃት? ውሃው ጎድሎ አየር ገብቷል። አረፋዋን አስወጥቼ ጢም አድርጌ እሞላታለሁ።

ቀስበል፦ ባለሱቁ ግን አረፋዋ ሆን ተብላ የተተወች ናት አለ። ውሃው ሲሞቅ ቦታ ይፈልጋል፤ መላወሻ ትሁነው ብለው ነው አሉ።

ሊቁ፦ ባለሱቅ መሸጥ እንጂ መጠገን ምን ያውቃል? ዝም ብለህ ተማር!

(አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጎንበስ አለ።)

ሊቁ፦ የቤቷ ጣሪያ ቀይ አልነበረም እንዴ?

ቀስበል፦ የዚያችኛዋማ ቀይ ነው። ይቺ እኮ…

ሊቁ፦ ቆይ ቆይ፣ ገባኝ! ቀይ ቀለም ውሃ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ሰማያዊ ይሆናል። የታወቀ ነገር ነው።

ቀስበል፦ ጥንቸሏስ?

ሊቁ፦ የምን ጥንቸል?

ቀስበል፦ በሩ ላይ የቆመችዋ።

(ሊቁ ጥንቸሏን አያት። ጥንቸሏም አየችው። አሥራ አምስት ዓመት ከኳሷ ጋር አንድ ቤት ሲኖር ጥንቸል አይቶ አያውቅም። ግን እንዲህ ብሎ ከሚያምን ሞት ይሻለዋል።)

ሊቁ፦ ድሮም ነበረች። ውሃው ደፍርሶ ሸፍኗት ነው።

ቀስበል፦ ውሃውን እኮ ገና አልነካኸውም።

ሊቁ፦ አንተ መንገድ ላይ ስታንገላታት ጠራ! ዝም ብለህ ተማር አልኩህ!

ቀስበል፦ ከሥሯ የተለጠፈው፣ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀትስ?

ሊቁ፦ የፋብሪካው ምልክት ነው። እንዳትነካው!

(የኳሷን መክደኛ ነቀለ፤ ውሃ በጠብታ እየጨመረ እስከ አፏ ሞላት፤ በሙጫ አሸጋት። አረፋዋ ጠፋች። ኳሷን በኩራት መስኮቱ ላይ አስቀመጣት።)

ቀስበል፦ ፀሐይ ላይ ባትሆን አይሻልም፣ ጋሼ?

ሊቁ፦ ሙጫው በምን ይድረቅ? በምክርህ?

(ከዚያ ስለ ውሃ ባሕርይ ማስረዳት ጀመረ። ማብራሪያው ረጅም ነበር፤ ፀሐይዋም የምትሄድበት አልነበራትም። መሀል ላይ «ጧ!» አለ። መክደኛው ተስፈንጥሮ ግድግዳ መታ፤ ኳሷ ተንከባላ ወለሉ ላይ ተከሰከሰች። ጥንቸሏ ብቻ ወንበሩ ሥር ቆማ ቀረች።)

ሊቁ፦ (ጭንቅላቱን ይዞ) ጉዴ ፈላ! የአባቷን ማስታወሻ! አሁን በምን ዓይኔ አያታለሁ? እኔ ደደብ!

ቀስበል፦ አይዞህ ጋሼ። የእህቴ እኮ ቤት መደርደሪያው ላይ ናት። ቀይ ጣሪያዋም አረፋዋም ደህና ናቸው። ይቺን ዛሬ ጠዋት ነው የገዛናት።

ሊቁ፦ (በርከክ ብሎ) ተመስገን! ታዲያ ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ?

ቀስበል፦ ልነግርህ ስል ዝም ብለህ ተማር አልከኝ። ተማርኩ።

ሊቁ፦ ቆይ… «የገዛናት» ነው ያልከው? ከማን ጋር?

ቀስበል፦ ከእህቴ ጋር ነዋ። የእሷን ልትጠግን መሆኑን ስነግራት «መጠገኑ ካማረው ሌላ እንስጠው» ብላ ራሷ መረጠችልህ።

(ቀስበል ከረጢቱን ከፍቶ ሌላ የመስታወት ኳስ አወጣና ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠ።)

ቀስበል፦ ይቺኛዋ ድብ አለባት። «ያችን ከምሳ በፊት ከጨረሰ ስጠው» ብላኛለች።