«ያድግበታል» ያልሁት የቡችላው አንገት ማሰሪያ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በግቢዬ የነበሩት የሚከተሉት ናቸው፦ የእድራችን ሰብሳቢና የንስሐ አባታችን አባ ኪሮስ፤ የእድሩን ድንኳንና ሳህን የሚጠብቁት ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤ ጎረቤታችን የኬሚስትሪ መምህሩ ጀማል፤ ባለቤቴ ዓለምነሽ፤ ዳማ የተባለው ቡችላችን፤ እና እኔ።

ስድስት ነበርን። ቁጥሩን ያዙልኝ።

ልጄ ይህን ገጽ ከከፈተችልኝ ወዲህ የሌሎችን ጽሑፍ በዝምታ ከማንበብ በቀር አንድም ፖስት አድርጌ አላውቅም። ላይክ እንኳ የምጫነው ግራ ቀኝ አይቼ ነው። ዛሬ የሆነውን ግን ጀማል በደብረ ማርቆስ ሳያዳርሰው እኔው ብናገረው ይሻላል። ቀድሞኝ ካልሆነ!

ነገሩ የአንገት ማሰሪያ ነው።

ዳማ ከሉማሜ በአውቶቡስ፣ በካርቶን ተቀምጦ የመጣ ነው። «ልጆቹ ከወጡ ወዲህ ቤቱ ጭር አለ» ብላ ያስመጣችው ዓለምነሽ ናት። እኔን ጭርታው አልከበደኝም ነበር። ሆኖም ዳማ በመጣ በሳምንቱ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስለ ጡረታ ኑሮ ስነግረው ተያዝሁ።

«ለእኔ በዓመት የማትነግረኝን ለሱ በአንድ ጠዋት ጨረስህለት» አለችኝ።

ወደ ዳማ ዞሬ ወሬዬን ቀጠልሁ። ይህም ልማዴ ነው።

ወደ ማሰሪያው እንመለስ። ከመግዛቴ በፊት አነበብሁ፤ ጨው ስገዛም የማነብ ሰው ነኝ። ለቡችላ ደረቅና ከባድ ቆዳ አይሆንም፤ ሰንሰለትማ አይታሰብም። ለስላሳ፣ ቀላልና ጠፍጣፋ፣ ሊጠብም ሊሰፋም የሚችል ይሁን። ሲታሰር በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ፤ ከዚያ አይጥበብ፣ ከዚያም አይስፋ። ቡችላ ቶሎ ስለሚያድግ ልኩ በየሳምንቱ ይታይ።

ይህን ሁሉ ገበያ ላይ ለሻጩ አስረዳሁት። ሰውየው በትዕግሥት ሰማኝ። በፕላስቲክ ክሊፕ የሚዘጋ ቀይና ለስላሳ ማሰሪያ ገዛሁ። እስከዚህ ድረስ ስሕተት የለብኝም።

ቤት ገብቼ አሰርሁለት። ሁለት ጣቴን አስገባሁ። ልክ ነበር!

ከዚያ እጄ በራሱ ሥልጣን አሰፋው።

የኛ ዘመን ወላጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት እጅጌ በማጠፍ ነው። ዩኒፎርም ሲገዛ «ያድግበታል»፤ ጫማ ሲገዛ «ያድግበታል»። የበኩር ልጄ ጫማ ልኩ የሆነለት በተቀደደበት ወር ነበር። የዳማም ማሰሪያ በዚሁ ሕግ መሠረት፣ ለሚመጣው ዓመት አንገት ተብሎ፣ ጡጫዬን ሊያስገባ እስኪደርስ ላላ።

ዛሬ የእድሩ ኮሚቴ የተሰበሰበው በእኔ ግቢ ነው። አጀንዳው የድንኳኑ ቀዳዳ ነበር። ዓለምነሽ ጓዳ ገብታ ሻይ ታፈላለች፤ ዳማ ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር ተኝቶ የሆነ ነገር ያኝካል። እኔ ስለ ሸራ ዓይነቶች በሰፊው እየተናገርሁ ሳለ ዳማ ከሥር ወጣ።

አፉ ተከፍቷል፤ አይዘጋም። ለሃጩ ይንጠባጠባል። ይዞራል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል። ከጉሮሮው እንግዳ ድምፅ ይወጣል።

ተነሣሁ። በመምህርነቴ ዘመን ክፍል ውስጥ አስተምርበት በነበረው ድምፅ «ማንም እንዳይነካው፤ አብዷል» አልሁ። ምልክቶቹንም በቅደም ተከተል መዘርዘር ጀመርሁ።

ዝርዝሩን የጨረስሁት ያለ አድማጭ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጓዳ ገብተው ከውስጥ ቀረቀሩ፤ ዓለምነሽም አብራ ተዘጋባት። አባ ኪሮስ ጋቢያቸውን ሰብስበው አግዳሚው ላይ ቆሙ።

«ጀማል፣ አንተ ዱላውን ያዝ፤ እኔ ጸሎቱን ይዣለሁ» አሉ ከላይ ሆነው።

ጀማል የግቢውን በር መወርወሪያ አነሣ። ዳማ ከሉማሜ የመጣ ዕለት ከካርቶኑ ተቀብሎ ያወጣው እሱ ነበር። መወርወሪያውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሳልጎነበስ፣ አፉን ሳላይ፣ ከቆምሁበት ሆኜ እርግጠኛ ነኝ!

ጉልበቴ አግዳሚ ላይ ስለማያስወጣኝ እኔ አልሸሸሁም፤ ከጀግንነት አትቁጠሩልኝ። ዳማ እየተንገዳገደ ወደ እኔ መጣ። ራሱን ጫማዬ ላይ ጥሎ ቀና ብሎ አየኝ። ጀማል መወርወሪያውን ወደ ላይ አነሣ።

ያን ጊዜ በአፉ ውስጥ ቀይ ነገር አየሁ።

ማሰሪያው! ሲያኝከው የታችኛው መንጋጋው በላላው ማሰሪያ ውስጥ ገብቷል። ማሰሪያው እንደ ፈረስ ልጓም ከጥርሱ ኋላ ተወጥሮ አፉን መዝጋት ከልክሎታል። ያበደ ውሻ የለም። ያለው «ያድግበታል» ነው።

የሚያድነው አንድ ቃል ነበር፤ ያን ቃል ደግሞ አልለመድሁትም። የእኔም አፍ እንደ ዳማ ተከፍቶ ቀረ።

በመጨረሻ ወጣ።

«ጀማል፣ ተው! ተሳስቻለሁ!»

መወርወሪያው አየር ላይ ቆመ። ከተቀረቀረው ጓዳ የዓለምነሽ ድምፅ መጣ።

«ማነው እሱ፣ ተሳስቻለሁ ያለው?»

ጀማል ተንበርክኮ ክሊፑን ቢጫነው ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ዳማ አፉን ዘጋ፣ አስነጠሰ፣ ሊመታው የነበረውን እጅ ላሰ። ጀማል መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ ዓይኑንም በእጅጌው ጠረገ። ከሳቅ ይሁን ከሌላ፣ አልጠየቅሁትም።

አባ ኪሮስ የድንኳኑ ጉዳይ ይደር ብለው ከአግዳሚው ወረዱና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ውሻው መታሰሩን ሁለት ጊዜ አስጠይቀው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወጡ። ጀማል ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ እየሳቀ ተከተላቸው። ምልዓተ ጉባኤ ስላልሞላ ስብሰባው ተበተነ።

ማሰሪያውን መልሼ አሰርሁለት። ሁለት ጣት። ሲያድግ እናሰፋዋለን። ለካ እንዲህም ማድረግ ይቻል ኖሯል! እናንተስ ስንት ጣት ታስገባላችሁ?

ዓለምነሽ ሻዩን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እስቲ ያቺን ቃል ድገማት» አለች። «በሩ ዝግ ስለነበር ደህና አድርጌ አልሰማኋትም።»

አልደገምኋትም። እዚህ ግን ጽፌአታለሁ፤ እሷ ፌስቡክ የላትም። ልጆቼ፣ ስትደውሉላት እንዳታነብቡላት።

ስድስት ነበርን። ሦስት ቀረን፦ ይቅርታ የሚጠብቁ ሁለት፣ ዝም ያለ አንድ።