የኦቦ አመዩ ድርሻ

ሰጥቶ የሚረሳ ሰው አለ ይባላል፤ አምቦ ላይ ግን እስካሁን አልታየም። ያለው ሰጥቶ የማይረሳው ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ ያዋጣና ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቀና ብሎ የራሱን ቆርቆሮ ይፈልጋል። ለጎረቤት ልጅ ሠርግ ጤፍ ይረዳና ሙሽሮቹን መንገድ ላይ አስቁሞ ልጅ ለምን እንደዘገየ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ዕድር የለም፣ የሌለበት ኮሚቴ የለም። ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ባለው መንገድ ግን የሁሉም የበላይ ክቡር ባለድርሻ ኦቦ አመዩ ናቸው።

ኦቦ አመዩ አምቦ ከተማ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቋጣሪም አይደሉም። መዋጮ ሲባል ኪሳቸው ከሁሉም ቀድሞ ይከፈታል። ችግሩ አፋቸው ከኪሳቸው ጋር አብሮ መከፈቱ፣ ኪሳቸው ሲዘጋም አብሮ አለመዘጋቱ ነው። ለከተማው ወጣቶች ቡድን ማሊያ አዋጡ፤ ከዚያ ወዲህ አሰልጣኙ ተጫዋች ሲቀይር ከሜዳው ጠርዝ ሆነው «የእኔን ማሊያ ለምን አስወጣኸው?» ይላሉ። ደንዲ ውስጥ ለሚቆፈር የውሃ ጉድጓድ አዋጡ፤ ሲያልቅ ድረስ ሄደው ውሃውን ቀመሱና «ትንሽ ከበድ ይላል» ብለው ተመለሱ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ መግቢያቸው አንድ ናት፦ «እኔ እንኳ ምንም አልልም፤ ድርሻዬ ስለሆነ ብቻ ነው።» ይህቺን ከሰማህ ወንበር ፈልግ። ቆመህ የምትጨርሰው ወሬ አይደለም።

በእኚህ ሰው ድርሻ እንደ ዱሬቲ የተፈተነ ግን የለም።

ዱሬቲ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች ልጅ ናት። መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ኮምፒውተር እየጠገነች ትኖር ነበር። ኤልያቄም የሚባል፣ እጁ ለሥዕል የተፈጠረ ጓደኛ ነበራት። ሁለቱ ሆነው የስልክ ጨዋታ ለመሥራት አሰቡ፦ ተጫዋቹ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይዞ ከአዲስ ዓለም ይነሳል፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አድርጎ ተሳፋሪ እየጫነ፣ እያወረደ፣ ከከብት እየተላለፈ ባኮ ይገባል። ስሙንም ከረዳቶች አፍ ወስደው «አንድ ሰው የቀረው» አሉት።

የሚሠሩበት ገንዘብ ስላልነበራቸው በቴሌግራም ቡድን ከፍተው ሕዝቡን መዋጮ ጠየቁ። ላዋጣ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ገቡ፤ ስሙ ጨዋታው ውስጥ በመንገድ ዳር ባለ ሱቅ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። መምህሩም፣ ነርሷም፣ የቢሮ ጸሐፊውም አዋጡ። ኦቦ አመዩ ነገሩን ሰምተው ራሳቸው ክፍሏ ድረስ መጡ።

«ጨዋታው ምን ያደርጋል?» አሉ።

«አውቶቡስ ይነዳል።»

«ማነው የሚነዳው?»

«እርስዎ ነዎት የሚነዱት፣ ኦቦ አመዩ።»

በሕይወታቸው መሪ ጨብጠው የማያውቁት ኦቦ አመዩ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ከዚያ አዋጡ።

ከዚያች ቀን በኋላ ለዱሬቲ ሰላም አልነበረም። ክቡር ባለድርሻው ሥራው የት እንደደረሰ ለማየት ሲመጡ የሚቀመጡበት ወንበር እንዳይጠፋ ከመደብራቸው ወንበር አምጥተው ክፍሏ ውስጥ አስቀመጡ። የአውቶቡሱ ወንበር ልብስ ለምን ቀይ እንዳልሆነ ጠየቁ። ተሳፋሪ ከነበግ ሲሳፈር ለበጉ ለብቻ ይከፈል እንደሆነ ጠየቁ። ረዳቱ ለምን በአማርኛ ብቻ ይጣራል፣ ጉደር ላይ በኦሮምኛ መሆን አለበት አሉ፤ ይህቺ እውነት ስለነበረች ዱሬቲ ይበልጥ ተናደደች። ስልኳን ድምፅ ስታጠፋባቸው እናቷ ጋ ሄዱ። እናቷ ወይዘሮ ሽታዬም «አንሺላቸው እንጂ፣ የከበሩ ሰው አይደሉ እንዴ?» እያሉ ከእሳቸው ብሰው አስቸገሯት።

ጨዋታው መብራት ሲሄድ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ኤልያቄም የጉደርን ድልድይ እያፈረሰ እንደገና ሲሥል ከተባለለት ጊዜ እጅግ ዘግይቶ ወጣ። የወጣ ዕለት ዱሬቲ ስልኳን ይዛ ዋለች። ማታ የሰዉን አስተያየት ከፍታ አነበበች።

ነገሩ ክፉኛ ተበላሽቶ ነበር። በራሷ ስልክ ላይ በደህና የሄደው ጨዋታ በሰው ስልክ ላይ ሌላ ሆነ። ተሳፋሪው ከፍሎ አይቀመጥም፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ግድግዳ ያያል። ጊንጪ ላይ መንገድ የምታቋርጥ ላም አለች፤ አውቶቡሱ ሲቆምላት ላሟ ቀስ ብላ ከመሬት ትነሳና እያመነዠከች ወደ ሰማይ ትወጣለች። ብዙው ሰው ከጊንጪ ሳያልፍ ከስልኩ አጠፋው። አንድ ኮከብ እየሰጡ ከሥሩ ይጽፉበታል፦ «ስልኬን አሞቀው እንጂ እኔን አላጫወተኝም።» «ለዚህ ነው ያዋጣነው?» «ላሟ ከእኛ ቀድማ ገነት ገባች።» ሌታ የሚባል የከተማው ቀልደኛ የላሟን ዕርገት በመዝሙር አጅቦ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። አምቦ ሳቀች። ዱሬቲ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እንኳ ከኋላዋ የላም ድምፅ የሚያሰማ አልጠፋም።

ኤልያቄም አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም፤ ለማስታወቂያ ድርጅት ሊሥል አዲስ አበባ ገባ። አዋጪዎቹም ከቴሌግራሙ ቡድን አንድ በአንድ ወጡ። የወጡት ወጡ፣ የባሱት ግን ስማቸው ከሱቁ ላይ እንዲፋቅላቸው ጠየቁ። ሰሌዳው ላይ ስሟን አይታ ለዘመድ ሁሉ ልካ የነበረችው ነርስ ፍቅርተ ሳትቀር «እባክሽ፣ የሥራ ባልደረቦቼ እየሳቁብኝ ነው» ብላ ላከችባት። ዱሬቲ የጠየቀውን ሁሉ ስም ፋቀች። መንገዱ ዳር ስም የሌላቸው ሱቆች በዙ።

አንድ ሰው ብቻ ስሙን አላስፋቀም። ይልቁንም ይደውላል።

«ዱሬ፣ አካም ጅርታ? ደህና ነሽ? እኔ እንኳ ምንም አልልም፤ ድርሻዬ ስለሆነ ብቻ ነው። ሱቄን ለምንድን ነው ጊንጪ ላይ ያደረግሽው? እኔ የአምቦ ሰው ነኝ። ሰው ሲያይ ቅርንጫፍ ከፍቷል ይላል፤ ግብር ይመጣብኛል።»

በማግስቱ ክላክሱ ቀጭን ነው ብለው ደወሉ። ከዚያ ወዲያ የመስተዋቱ መጥረጊያ በግራ በኩል ብቻ ነው የሚጠርገው ብለው ደወሉ። ሌላው ሰው አንድ ጊዜ ሰድቦ ሄዷል፤ እኚህ ሰው ግን ስድባቸውን እንደ መድኃኒት ከፋፍለው ጠዋት ጠዋት ይሰጧታል። ከኮከቡም፣ ከቲክቶኩም፣ ከላሟም በላይ ዱሬቲን ያንገፈገፋት ይኸው ነበር። አንድ ቀን የመቀመጫ ቀበቶ ነገር ሲያነሱባት ትዕግሥቷ አለቀ።

«ኦቦ አመዩ፣ ጨዋታው እኮ ሞቷል። ለምን አይተዉኝም?»



«ሞቷል? ሞቶ ከሆነ ለቀብሩ ለምን አልተጠራሁም?»

ዱሬቲ ስልኩን በታላቅ ሰው ጆሮ ላይ ዘጋች። በንዴት ይሁን በእፍረት እንደዘጋችው ለራሷም አልገባትም።

ያን ሰሞን አዲስ አበባ ያለ አንድ ባንክ ለኮምፒውተር ክፍሉ ለፈተና ጠራት። ጨዋታውን ከፕሌይ ስቶር አጥፍታ፣ ኮምፒውተሯን ዘግታ፣ ሌላ ሰው ልትሆን ቆረጠች። ከፈተናው ስመለስ አጠፋዋለሁ አለችና ጠዋት መናኸሪያ ሄዳ ተሳፈረች። የኋላ ወንበር ይዛ ቀና ስትል ከሾፌሩ ጀርባ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ኦቦ አመዩ ተቀምጠዋል። ለመደብሩ ዕቃ ሊያመጡ መርካቶ መሄዳቸው ነው። ዱሬቲ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ስባ በመስኮቱ በኩል ተኛች፤ ተኛች ማለት እንኳ ተኝታ አይደለም።

ጊንጪ ሊደርሱ ሲሉ ከኦቦ አመዩ ጎን የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስልክ ይዘው ይሳሳቁ ጀመር። ዱሬቲ ድምፁን ታውቀዋለች፤ የራሷ አውቶቡስ ሞተር ነው። ጨዋታው ከእውነተኛው መንገድ ጋር እኩል ጊንጪ ገብቷል። ወዲያው ሳቁ ፈነዳ።

«ምን ያስቃል?» አሉ ኦቦ አመዩ።

«አባባ፣ ላሟን ይዩዋት። ወደ ሰማይ እየሄደች ነው።»

«አይቻታለሁ። ከአንተ በፊት ነው ያየኋት። እኔ ልስቅባት እችላለሁ፤ አዋጥቻለሁ። አንተ ምን አዋጥተህ ነው የምትስቀው?»

ልጁ ጨዋታው በነጻ እንደሆነ ሊያስረዳቸው ሞከረ።

«እኮ! በነጻ የተሳፈረ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ፊት ያይ ጀመር። ዱሬቲ መቀመጫው ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች ነበር። ኦቦ አመዩ ግን በዚህ አላበቁም፤ የልጁን ስልክ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ላሟ ጋ ፍሬን መያዝ እንደማያስፈልግ፣ ቀድሞ ክላክስ ከተደረገላት በእግሯ እንደምትሻገር አሳዩ። የቆሙትን ተሳፋሪዎች ለማስቀመጥ በሩን ከፍቶ መዝጋት እንደሚበቃ አሳዩ። ጉደር ድልድይ ላይ ግራ ካልተያዘ ወንዝ ውስጥ እንደሚገባ ነገሯቸው። ልጆቹ ሳቃቸውን ትተው ስልኩ ላይ አቀረቀሩ።

«ባኮ ድረስ ሄደዋል ማለት ነው?» አለ አንደኛው። «ማንም አልደረሰም እኮ።»

«እኔ እሄዳለሁ። ባኮ ስትደርስ ዝናብ ይመጣል። በቆሎው በነፋስ ይተኛና ይነሳል። ተሳፋሪው ሁሉ መስኮቱን ይዘጋል፤ አንዲት ሴትዮ ብቻ አትዘጋም። እጇን አውጥታ ዝናቡን ትቀበላለች። እዚያ ስደርስ አውቶቡሱን አቆምና ትንሽ አያታለሁ።»

ዱሬቲ ሻርፗ ከፊቷ መውደቁን አላወቀችም። ያቺን ሴትዮ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለኤልያቄም እንኳ። ጨዋታው ሊወጣ ሲል ብቻዋን ሆና፣ እንዲያው ደስ ስላላት፣ በመጨረሻው መንገድ ላይ ያስቀመጠቻት ናት። ሰው ሁሉ ጊንጪ ላይ ወርዶ ሲቀር ሴትዮዋ ያለ ተመልካች ባኮ ላይ እጇን እንደዘረጋች ቀረች ብላ ነበር የምታስበው።

አዲስ ዓለም ላይ ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ ዱሬቲ ገንዘቧን ዘረጋች። ረዳቱ አልተቀበላትም።

«የአንቺ ተከፍሏል። አምቦ ገና ሳንነሳ።»

«ማን ከፈለልኝ?»

ረዳቱ በአገጩ ወደ ፊት ጠቆማት። እኚህ ሰው እንግዲህ ገና ስትገባ አይተዋታል፤ ተደብቃ እስክትደክም ዝም ብለዋታል ማለት ነው። ተነስታ ወደ ፊት ሄደች። አንደኛው ልጅ ቦታ ለቀቀላትና አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ ተዘጋባቸው ስልክ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ቀደሟት።

«ዝናቡ ግን ለምንድን ነው የማይቆመው? በቆሎው ይበሰብሳል እኮ።»

«ባኮ የሚደርስ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም፣ ኦቦ አመዩ። ማቆሚያ አልሠራሁለትም።»

«እኔ ደርሻለሁ» አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል። «ደግሞ ብቻዬን ነኝ። ከዝናቡ በኋላ መንገዱ ይቀጥላል ብዬ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»

ከዚያ እስከ ሆለታ ምን ምን መስተካከል እንዳለበት ነገሯት። ዱሬቲ የፈተናውን ወረቀት የምታነብበትን ጊዜ ሁሉ በሉባት። አንድ ሁለቴ ወደ ድሮው ወንበሯ ለመመለስ አስባለች፤ ግን አልተነሳችም።

ፈተናውን አለፈች፤ ባንኩም ቀጠራት። ጨዋታውን ግን አላጠፋችውም። ቅዳሜና እሑድ እየተቀመጠች ላሟን መሬት አስያዘች፣ ተሳፋሪውን አስቀመጠች፣ ለዝናቡም ማቆሚያ፣ ከባኮ ወዲያም ጥቂት መንገድ ሠራችለት። እንደ ተረት ሁሉ ነገር አማረ አይባልም፤ ኮከቡ ከአንድ ወደ ሁለት ሊጠጋ ገና እያመነታ ነው። የሚጫወተው ሰው ግን አሁን ባኮ ይደርሳል።

ችግሩ አምቦ ላይ ነው። ኦቦ አመዩ መደብራቸው በር ላይ ቆመው ላለፈ ላገደመው «ልጅቷን ባንክ ያስገባናት እኛ ነን፤ መሄጃዋን የቻልኩት እኔ ነኝ» ይላሉ። አምቦ ያለው የባንኩ ቅርንጫፍ ገብተውም ወረፋው ረዘመ፣ አንድ ሠራተኛ ይጨመር ብለው ሥራ አስኪያጁን አስጠርተው ነበር አሉ።

ይህን የሰማች የዱሬቲ የአክስት ልጅ ጂቱ ተናዳ ደወለችላት። በገዛ ጭንቅላቷ ያመጣችውን ሥራ ሰውዬው የራሳቸው ሲያደርጉት ዝም ማለቷ ምን ይባላል ብላ ወቀሰቻት። አንድ ጊዜ ደውላ ልክ እንድታስገባቸው፣ ካልሆነም ጂቱ ራሷ መደብራቸው ሄዳ እንደምትነግራቸው አስጠነቀቀቻት።

ዱሬቲ የቢሮዋን በር ዘጋ አደረገች።

«ተያቸው» አለቻት። «ልክ ናቸው። ድርሻ አላቸው።»