ትራክተር ያስገፋን ዳይሬክተር

አንባቢዬ፣ የፊልም ዳይሬክተር የሚሉት ፍጡር ገጥሞህ ያውቃል? እኔን በደርግ ጊዜ፣ ሰሊጥ ልናጭድ ቆላው ሽንፋ በወረድንበት ገጥሞኛል። ሰፊው ሕዝብ በትራክተር ሲራመድ ፊልም ሊያነሳ መጣ። ትራክተሩ ግን ሞተሩ አልነሳ አለ።

«ከኋላ ተደብቃችሁ ግፉ!» አለን። ገፋን። ፀሐይዋ አላማረችውምና «ድገሙት!» አለ። ፀሐይ ባታምር ጥፋቱ የእኛ ነው? ደግመን ገፋን። ከመካከላችን የወሎው ሰይድ ላቡን ሊጠርግ ቀና ሲል ሰውዬው ጮኸ፦

«አትታዩ! ይኼ የሰፊው ሕዝብ ፊልም ነው!»

«ጓድ፣ እኛስ ማን ነን?» አለው ሰይድ።

ከዚያማ ትራክተሩን ትተን ካሜራው ፊት ሄደን ቁጭ አልን። ቢለምን፣ ቢራገም ማን ይነሳል!

«ካድሬ እጠራለሁ!» ሲል፣ ጠጋ ጠጋ ብለን ለካድሬውም ቦታ ለቀቅንለት።