ራሁ ካልን ለህንዶች ያስረዳሁበት ቅዳሜ

ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ህንዶችን ስለ ህንድ ካላንደር አስተማርኩ!

አዎ፣ እኔ! የኮተቤዋ ልጅ!

የሪል እስቴት ላይሰንስ ካወጣሁ ገና ሦስተኛ ወሬ ነው። የመጀመሪያ ደንበኞቼ ሱኒታና ባሏ ናቸው። እዚህ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ኒው አልባኒ አንድ ቤት ወደዱ። በተለይ የሱኒታ አማት፣ የኩሽናው መስኮት ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ነፍሷ ነው። ሻጩ ደግሞ የተፈረመ የግዢ ኦፈር የምቀበለው እስከ ቅዳሜ 11 ኤኤም ብቻ ነው አለ።

ሱኒታ "ቅዳሜ በ9 መጥተን ሳይን እናድርግ" አለችኝ።

"በፍጹም!" አልኳት። "በ9 ራሁ ካል ይገባል!"

ራሁ ካል በየቀኑ አዲስ ነገር የማይጀመርበት ክፉ ሰዓት ነው። ዩቱብ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ አጥንቼዋለሁ፣ በዋዛ እንዳታዩኝ! ፀሐይ ከወጣችበት እስከምትገባበት ያለውን ጊዜ ስምንት ቦታ ትከፍሉታላችሁ፤ የቅዳሜው ሦስተኛው ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ለስምንት ሲካፈል አንድ ሰዓት ተኩል። ከ6 ኤኤም ጀምሬ ቆጠርኩ። ከ9 እስከ 10:30፣ አለቀ!

ሱኒታ ገርሟት አፏን ያዘች። እኔም ተጀንኜ "10:35 ኑ" አልኳት።

እዚያው ቤት መጡ። ባልየው አይፓዴ ላይ ሊፈርም ጣቱን ሲዘረጋ፣ እናቱ ስልኳ ላይ ያለውን የራሁ ካል አፕ አየችና እጁን አፈፍ አደረገችው።

"ራሁ መሀል ላይ ነን! እስከ 11:40 አይወጣም።"

ሳቅኩ። ሳቅኩ እኮ! "ማዘር፣ 10:30 ላይ ወጥቷል" አልኳት።

ለሕፃን እንደሚያስረዱ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የኮሎምበስ የሰኔ ቀን አሥራ አምስት ሰዓት ነው። ለስምንት ሲካፈል እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው።

እኔ ያደግኩት ክረምት ከበጋ ፀሐይ በሰዓቷ ወጥታ በሰዓቷ የምትገባበት አገር! ቀን ይረዝማል ብዬ በምን ልጠርጥር?

"እና 9 ሰዓት?" አለች ሱኒታ።

9 ሰዓት ንጹሕ ነበር። ራሁ የገባው 9:48 ገደማ ነው።

11 ሆነ፣ ማንም አልፈረመም፣ ቤቱ ለሌላ ሰው ሄደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አይፓዴን ይዤ ልወጣ ስል ግን አማትየዋ በር ላይ ጠራችኝ።

"ለሚቀጥለው ቤት ሰዓቱን እኔ አያለሁ። አንቺ ቁልፉን ብቻ ይዘሽ ነይ።"

አልተባረርኩም!

ቤት ገብቼ ለልጄ ብነግራት "ማም፣ አፑ እኮ ፍሪ ነው!" አለችኝ። ቅጥል ነው ያልኩት!

ለመሆኑ ከእናንተ ውስጥ ዛሬ ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደወጣች ያየ አለ? ወይስ ሳታይ የምታስተምር እኔ ብቻ ነኝ?