ለአርባ፣ ሁለት ሲጎድል

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ። ዕለቱ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር። የወይራ አምባ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር እኔ ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍል አርባ ተማሪ ካልሞላ ይዘጋል ተብያለሁ። በእጄ ያሉት ሠላሳ ስምንት ናቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ "ልጆቻችሁን ላኩ" ስል ድምፄ ተዘግቷል። ላለመላካቸው ምክንያት አላቸው፤ አምና ከተፈተኑት ሠላሳ ስድስት ልጆች ያለፉት ሦስት ናቸው። ለወረዳው "ውጤቱ አበረታች ነው" ብዬ ጻፍኩ።

በሕልሜ መዝገብ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩት ተማሪዎቹ ነበሩ፤ የሚመዘግቡት ደግሞ መምህርን ነው። ሲመጡ አይቼ ጎተራ ውስጥ ገባሁ።

"መምህሩ አለ?" አሉ።

"የለም፣ ገበያ ወጥቷል!" አልኩ ከጎተራው ውስጥ።

እግርና እጄን ይዘው አወጡኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሰፈሩ ወላጅ ሁሉ ዩኒፎርም ለብሶ ተሰልፏል። እንደ ደወል የምንመታውን የመኪና ቸርኬ አንዲት ፍየል በቀንዷ ትመታለች።

"ልጅህን ይዘህ ካልመጣህ አትገባም" አለችኝ።

"ልጄ እዚህ የለችም። ከተማ ናት።"

"ከተማ ምን ትሠራለች?"

"ትማራለች።"

ፍየሏ ማላመጧን አቆመች። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን ፈተና ደርሶ ነበርና አስቀመጡኝ።

ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። "ትምህርት ቤትህ እንዴት ነው? ሀ) ጥሩ ነው። ለ) በጣም ጥሩ ነው። ሐ) ለጎረቤት ልጅ ጥሩ ነው።" መልሱን እያወቅኩት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከጎኔ ከተቀመጠው አህያ ልኮርጅ አንገቴን ባሰግግ ወረቀቱን በጆሮው ሸፈነብኝ።

"ርዕሰ መምህሩ ወድቋል፤ ውጤቱ አበረታች ነው!" አለች ፍየሏ። ሁሉም አጨበጨበ።

ጭብጨባው የበር ማንኳኳት ሆኖ ቀሰቀሰኝ። ከፍቼ ባይ አቶ ደምለው ናቸው፤ ሦስት ጊዜ ደጃቸው ሄጄ የለመንኳቸው ገበሬ። ሰባተኛ ክፍልን እኔው ጋ የጨረሱት መንታ ልጆቻቸው ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ታጥበው ከኋላቸው ቆመዋል። አርባ ሞላ! ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ መዝገቡን ለማምጣት በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

"ይግቡ፣ ይግቡ! አሁኑኑ ልጻፋቸው!"

"ኧረ ቀስ ይበሉ መምህር" አሉ አቶ ደምለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። "እኔስ የመጣሁት መሸኛ እንዲጽፉልኝ ነው። ከተማ እህቴ አለችኝ። የእርስዎ ልጅ የምትማርበት ትምህርት ቤት ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እዚያ ላስገባቸው።"

የመሸኛውን ቅጽ አወጣሁ። የልጆቹን ስም ሞላሁ፣ ክፍላቸውን ሞላሁ። "የለቀቁበት ምክንያት" የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።

"እዚህ ጋ ምን ልበል አቶ ደምለው?"

"ለልጅዎ ምን ብለው ነበር የጻፉት?" አሉኝ።