አላውቅም የማይለው ፕሮግራም

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ለራሴ ይሁን። የዓይን ክሊኒኩን የቀጠሮ ቀናት የሚያነበውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከየቅርንጫፉ እያንዳንዱ ሰው ደስ እንዳለው የጻፈውን ቀን ሁሉ ያነባል፤ አልገባኝም ብሎ አያውቅም። ፕሮግራሙ በተመረቀ ዕለት ሥራ አስኪያጁ "አላውቅም የማይል ሠራተኛ አገኘን!" ብለው ሲያጨበጭቡልኝ፣ እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ ትሕትና በሚፈቅደው ልክ ፈገግ አልኩ።

ጥበቡ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ቀን ነው፤ ካልበለጠ ወር ነው። ለምን ቢሉ፣ እኔ ስላልኩ ነዋ!

የመዝገብ ቤቷ እትዬ ግን ነገር ፍለጋ አይደክማቸውም።

"አንተ ልጅ፣ 4/7 ተብሎ ቢመጣስ? እዚህ ሰው ቀኑን ነው የሚያስቀድመው።"

"ሲስተሙ ያውቃል፣ እትዬ።"

"ማንን ጠይቆ?"

ጥያቄው ቴክኒካዊ አይደለም ብዬ አለፍኳቸው።

ወር ሳይሞላ እናቴ ደወለች። አንዱ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት አይተርፍም ብሏታል ሐኪሙ።

"ልጄ፣ መልእክት መጣልኝ። ጎረቤቴ ስታነብልኝ፣ ቀጠሮዎን ስላሳለፉ ተሰርዘዋል ይላል። ቀጠሮው የዛሬ ሦስት ወር ነበር ይላል።"

"ቀጠሮው መቼ ተሰጠሽ?"

"ባለፈው ሳምንት!"

ክው አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የደነገጥኩት ለፕሮግራሙ ነው፤ ለእናቴ ቀጥሎ።

እየሮጥኩ ክሊኒኩ ደረስኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ተቀባይ "አዝናለሁ፣ እናትዎ ቀጠሮውን አሳልፈዋል" አለችኝ።

"ባለፈው ሳምንት የተሰጠ ቀጠሮ ከሦስት ወር በፊት እንዴት ያልፋል?"

"ሲስተሙ አይሳሳትም ተብለን ሠልጥነናል።"

"የምን ጅል ነው እንዲህ ብሎ ያሠለጠናችሁ?"

ቀና ብላ አየችኝ። "እርስዎ ነዎት መሰለኝ።"

አንገቴን ደፍቼ ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩ። እትዬ ከመሳቢያቸው ወፍራም ደብተር አወጡ። ፕሮግራሜ ከተመረቀ ጀምሮ አንድ በአንድ ለየቅርንጫፉ እየደወሉ፣ ቀኑን እየጠየቁ፣ ወሩን በፊደል እየጻፉ ይዘዋል ለካ!

"እናትህ በሰባተኛው ወር፣ በአራተኛው ቀን፣ ጠዋት። ቦታቸውን አላስነካሁም" አሉ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

እናቴ በቀኗ ገባች፤ ዓይኗም ተረፈ። እኔም ሳልውል ሳላድር ፕሮግራሙን አሻሻልኩ። አሁን ግራ የሚያጋባ ቀን ሲገጥመው "እባክዎ መዝገብ ቤት ይጠይቁ" የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛው ትውልድ ብለው እንደገና አስመረቁት፤ ለእኔም የደረጃ እድገት ተሰጠኝ። ለእትዬ የተሰጣቸው ተጨማሪ ስልክ ነው።

እናቴ ለምርመራ የተመለሰች ዕለት ኩራቴን ላሳያት የኮምፒውተሩ ማያ ፊት አቆምኳት። ጽሑፉን በራሷ ዓይን፣ ያለማንም እርዳታ፣ ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እሰይ ልጄ" አለች። "ሰው ጠይቁ ለማለት ነው እንግዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩህ?"